ድንጋይ ተሸክመን ወደ ልደታ

ከተመለስኩ ጀምሮ ሱቄ ደጃፍ የሚቆም ሁሉ «ልደታ እንዴት ናት?» ይለኛል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውም፣ ዚፕ ሊያስቀይር የመጣውም ጥያቄው አንድ ነው። ለአንዱ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላው ከመሀል ይገባና ነገሩ ይበላሻል። ጭራሽ እኔና ጋሽ ወልዴ አዲስ አበባ ወርደን ሚስት አጭተን መጣን የሚል ወሬ ገበያ ውስጥ ሰማሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ ከጅማ አልፋችሁ አታውቁም፣ የምታልፉም አይመስለኝም፤ አንብባችሁ እናንተው ፍረዱ። እኔ ራሴ ነገሩ ገና በደንብ አልገባኝም።

ለማያውቀን አንባቢ ይህን ልበል። ከተማችን ከጎጀብ ወንዝ ማዶ፣ ዝናብ የማይለቀው ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ የእግር ኳስ ቡድን አለን። እኔ ተሰማ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተቀደደ ማሊያ የምጠግነው፣ ቁጥር የምለጥፈው እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አሰልጣኛችን ክንፈ የሚባሉ፣ በጉብዝናቸው ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን በግራ ተከላካይነት የተጫወቱ ሰው ነበሩ። አንድ እሑድ በሜዳችን ተሸነፍንና ከደጋፊው መሀል የተወረወረ ድንጋይ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ደማቸውን ጠርገው በዚያው ቀን ሄዱ፣ ቡድናችንም ከዚያ ወዲህ መውረድ እንጂ መውጣት አላየም። ዘንድሮ ደግሞ ሊጉ «እስከሚመጣው ረቡዕ ፈቃድ ያለው አሰልጣኝ ካላሳወቃችሁ ቡድኑ ይሰረዛል» አለን። እኛ ዘንድ፣ በዚህ ጭቃ፣ ያን ወሬ ሰምቶ ማን ይመጣል? ይቅርታ ጠይቀው አሰልጣኝ ክንፈን የሚመልሱ ሁለት ሽማግሌዎች ተመረጡ። አንዱ በድሮ ጊዜ የቡድኑ የመጀመሪያ ግብ ጠባቂ የነበሩት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ሁለተኛው እኔ። እኔን የመረጡኝ ንጹሕ ጋቢ ስላለኝ ይመስለኛል።

ሐሙስ

ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ የጋሽ ወልዴን ሻንጣ ሊያነሳ ሞክሮ መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ወፍጮ ነው እንዴ የያዙት?»

«የግል ዕቃ ነው» አሉ ኮስተር ብለው።

ጎጀብ ድልድይ ጋ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ተቀያሪውን ጎማ ለማውጣት ዕቃውን ሁሉ ሲያተራምስ የሻንጣው ዚፕ ተከፈተና ውስጡን አየሁት። በፎጣ የተጠቀለለ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ድንጋይ ነዋ።»

«እሱማ አየሁት።»

«የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል። አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው።»

«አዲስ አበባ ድንጋይ መች ይጠፋል?»

«ሰውየውን የመታው የኛ ሜዳ ድንጋይ ነው። በሰው አገር ድንጋይ ይቅርታ አይጠየቅም» አሉ፣ ዚፑንም ዘጉት።

 ጋሽ ወልዴ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ እውነት ይሁን ግትርነት ለይቼ አላውቅም።

የኔ ዕዳ ደግሞ ማሩ ነበር። ለእጅ መንሻ ይሆናል ብዬ አንድ ጀሪካን ማር ይዤ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ጋቢዬ ውስጥ ጠቅልዬ አቅፌው ተቀምጫለሁ። ጅማ ልንገባ ስንል አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ «ውይ የኔ ወንድም፣ ጭንህ ላይ ምን ይፈሳል?» አሉኝ። ጋቢዬ ግማሹ ማር ሆኗል። እሳቸው ራሳቸው ቀሚሳቸው ተነክቶባቸው ሳይቆጡ፣ ከዘንቢላቸው ፌስታል አውጥተው ጀሪካኑን አሰሩልኝ። ጅማ አልጋ ይዘን አደርን። የሆቴሉ ወጣቶች ቴሌቪዥን ከበው የውጭ አገር ኳስ ያያሉ፤ የተጫዋቾቹን የሚስት ስም ሳይቀር ያውቃሉ። ጋሽ ወልዴ «የኛን ዘጠኝ ቁጥር ታውቁታላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። አንዱ በትሕትና «የቱ ክለብ ነው ጋሼ?» አለ። ጋሽ ወልዴ ከዚያ በኋላ እራት አልበላም አሉ።

ዓርብ

የጊቤ በረሃ ሙቀት የኛን አገር ሰው አይሆንም። እኛ ጠዋት ጋቢ፣ ማታ ጋቢ የለመድን ነን፤ እዚያ አየሩ ራሱ የተቀቀለ ነው። ማሩ የነካው ጋቢዬ ላይ ዝንብ ሰፍሮ እስከ ወልቂጤ ተከተለኝ። ወልቂጤ ላይ ጾም ስለነበር ቆጮ በጎመን በላን። ቆጮው ከኛው ደረቅ ይላል፣ ጎመኑ ግን ጥሩ ነው፤ ይህን ስል የሚቀየም እንዳለ አውቃለሁ።

አየር ጤና ወርደን፣ በታክሲ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ በባቡር ወደ ልደታ ሄድን። ባቡሩ በድልድይ ላይ፣ ከፎቆቹ ወገብ እኩል ነው የሚሄደው። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሻንጣቸውን አቅፈው ቆሙ። አንዲት ተማሪ ተነስታ «ይቀመጡ አባባ» ስትላቸው ዓይናቸውን ሳይከፍቱ አመሰገኗት።

ያረፍነው ጠመንጃ ያዥ ነው፣ እትዬ በላይነሽ ዘንድ። እትዬ በላይነሽ የኛው አገር ሰው ናቸው፣ እዚያ ከገቡ ግን ብዙ ዘመናቸው ነው። ሰፈሩ በያጅ ከአናጢ፣ አናጢ ከምግብ ቤት ትከሻ ለትከሻ የተጣበቀበት ነው። በመንገዱ ሰው ሲመጣ ሌላው ወደ ጎን ዞሮ ያሳልፋል። በኛ አገር አንድ ሰው አጥር ለማጠር የሚይዘው መሬት እዚያ ሰባት ቤተሰብ ይኖርበታል። እትዬ በላይነሽ ጋቢዬን ሲያዩ አንድ ቃል ሳይናገሩ ገፈፉኝ። አጠቡት፣ ጨመቁት፣ በካውያ ሲያደርቁት አመሹ። «ሽማግሌ ዝንብ አስከትሎ አይሄድም» አሉኝ። የራሳቸውን አልጋ ለጋሽ ወልዴ ለቀው እሳቸው ጎረቤት አደሩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ጋሽ ወልዴ «ባዶ እጅ አንገባም፣ በግ እንግዛ» አሉ።

«ማሩ አለ እኮ።»

«ማሩን ግማሹን ዝንብ በላው። ሰንጋ ተራ የሚባል ቦታ አለ፣ እዚያ እንሂድ።»

እትዬ በላይነሽ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እኛ ወጥተናል። ሰንጋ ተራ ስንደርስ አንድ በግ የለም፤ መስታወት ብቻ ነው፣ ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር ባርኔጣዬ የሚወድቅበት ፎቅ። ጋሽ ወልዴ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጋ ቀረቡ።

«ልጄ፣ የበጉ ገበያ በየት በኩል ነው?»

«ጋሼ፣ ይሄ ባንክ ነው።»

«ቦታው ሰንጋ ተራ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«እኔ የመጣሁት አምና ነው» አለ ልጁ፣ ጥፋቱ የሱ ይመስል አፍሮ።

ያለ በግ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሄድን። በኛ አገር ቤት የሚጠየቀው በባለቤቱ ስም ነው፤ እዚያ በብሎክ ቁጥር ነው፣ እኛ ደግሞ ቁጥር የለንም። ሕንፃዎቹ አንድ ቀን የተወለዱ መንታዎች ናቸው። ልብስ የምታሰጣ ሴት «የአሰልጣኙ ቤት የት ነው?» ብለን ጠየቅን።

«ሴቷን ነው ወንዱን?»

ተያየን። «አሰልጣኝ ክንፈን» አልኩ። በእጇ አሳየችን።

ከበሩ ላይ ጥበቃው ሻንጣ አስከፈተ። «ምንድን ነው?» «ድንጋይ።» «ለምን?» «ለሽምግልና» አሉ ጋሽ ወልዴ። ጥበቃው እኔን አየ፤ እኔ መሬት አየሁ። «እሺ ግቡ፣ ስትወጡ ግን ይዛችሁት ውጡ» አለን። ሊፍቱ አይሠራም ነበር፣ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ድንጋዩን እየተቀያየርን ተሸክመን ወጣን።

በሩን አንኳኳን። ሳንደውል ነው የሄድነው፤ አሰልጣኙ የኛን ስልክ ካነሱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ስድብ ስጠብቅ፣ የከፈቱት ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የአሰልጣኙ ባለቤት፣ ጋቢያችንን ከላይ እስከ ታች አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ! ስጸልይ ነበር እኮ ስጸልይ።»

በወጉ መሠረት ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። እሳቸው ግን ይህን ሲሰሙ ይብስ ደስ አላቸው፤ ከፊት ለፊት ብሎክ ወንድማቸውን አቶ ዘነበን አስጠሩ። አቶ ዘነበ ኮታቸውን እየቆለፉ ደረሱ።

«የመጣችሁበትን እናውቃለን፣ መልካም ነገር ነው» አሉን። «ነገር ግን አባወራው ለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ነገ ይገባል። እሱ በሌለበት ወሬው አይከፈትም። እስቲ እኔ ግን አንዳንድ ነገር ልጠይቅ። ዕድሜው ስንት ነው?»

ቡድኑን መሆኑ ነው ብዬ «ከሠላሳ ያልፋል» አልኩ።

«ደህና ነው። ሃይማኖቱስ?»

«ድብልቅ ነው። ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም፣ ሙስሊምም አለበት።»

አቶ ዘነበ እህታቸውን አዩ። «ሁሉም ባንድ ላይ?»

«ተጣልተው አያውቁም» አሉ ጋሽ ወልዴ በኩራት።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወሬው የሚሄድበት ስላልጣማቸው አስቀምጠውን ምግብ አቀረቡ። ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንዱ አሰልጣኝ ክንፈ በወጣትነታቸው በብሔራዊ ቡድን ማሊያ፣ ሌላው አንዲት ልጅ በስፖርት ልብስ። ጋሽ ወልዴ የአባትየውን ፎቶ ቆመው እጅ ነሱ። ይህን ጊዜ ቱታ የለበሰች ልጅ ከውጭ ገባች፤ እናትየው «አንቺ አሁን አትታዪ!» ብለው ወደ ማድ ቤት ገፏት። ልጅቱ ጋሽ ወልዴን ስታይ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። በልተን፣ ተመርቀን፣ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኑ» ተብለን ወጣን። ደረጃው ላይ ጋሽ ወልዴ «ፈንክተን የላክናቸው ሰዎች እንዲህ ከተቀበሉን፣ ባንፈነክታቸው ምን ሊያደርጉን ነበር?» አሉ።

ግቢው ውስጥ ልጅቱ ደረሰችብን። ሜሮን ትባላለች፤ የአሰልጣኙ ብቸኛ ልጅ ናት።

«ጋሽ ወልዴ አይደሉም? አባቴ እናንተ ጋ በነበረ ጊዜ መጥቼ ዳኛውን በጃንጥላ ሲያባርሩት አይቼዎታለሁ» አለች። «እማዬ የጓደኛዬ ሽማግሌዎች መስላችኋታል። ሊያገባኝ የሚፈልግ ልጅ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ለሌላ ሳምንት እንዳዛወሩት ገና አልነገርኳትም።»

ጋሽ ወልዴ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ተመለስ ተሰማ፣ አሁኑኑ እንንገራቸው።»

«ኧረ በፈጠረዎት ጋሼ! አባቴ እናንተ መሆናችሁን ከሰማ ለቅሶ ቤት ይከርማል። ለልጅህ ሽማግሌ መጣ ከተባለ ግን ይመጣል። ነገ ኑ።»

«አንቺስ ምን ትጠቀሚያለሽ?» አልኳት።

«የራሴ ጉዳይ አለኝ። ግራ መስመር ላይ አሁን ማን ነው ያላችሁ?» ነገርኳት። «እሱ እኮ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ጀርባው ክፍት ነው» ብላ ሄደች። ከብሎኮቹ መሀል የሰፈሩ ልጆች ጠርሙስ ደርድረው ይጠብቋት ነበር። ፊሽካ ነፋች፣ ተሰለፉ።

ልብስ የምታሰጣው ሴት አብራን ቆማ ታያለች። «እንደ አባቷ ለብሔራዊ ቡድን ተጫውታ ነበር፤ ጉልበቷ ነው ያስቀራት» አለችን። «የአሰልጣኝነት ፈቃዱንም ይዛለች። ግን አንድ ቡድን ስጡኝ እያለች ስትዞር ይኸው ዓመት አለፋት። ትንንሽ ልጆች አሰልጥኚ ይሏታል፣ ይኸው ታሰለጥናለች።»

«እግዜር ይርዳት» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ሄድን። ነገሩ ፊቴ ተዘርግቶ ሳለ አለማየቴ አሁን ይገርመኛል። ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው እናትየውን ማታለላችን ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ደግሞ በማይመለከተኝ ሰርግ በላሁ።

እሑድ

ልደታ ማርያም አስቀድሰን ወጣን። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል፤ ታች በጋራ መገልገያው ቤት በግ ታርዷል። እኛ ልንገዛው ዞረን ያጣነው በግ ለኛ ክብር ታርዶ አገኘነው።  ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን አዲስ ቀሚስ ለብሰው ከዘመድ ዘመድ ይሄዳሉ፤ ፊታቸውን ማየት ፈራሁ።

አሰልጣኝ ክንፈ ገቡ። ፀጉራቸው ነጥቷል። ከግንባራቸው ላይ ጠባሳው ጣት የሚያህል ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱን ዘመድ እየሳሙ እኛ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እነዚህ የሰርግ ሽማግሌዎች አይደሉም» አሉ።

«ማን ናቸው ታዲያ?» አሉ ሚስታቸው።

«ግንባሬን ጠይቂው።»

 ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አቶ ዘነበ «ድብልቅ ነው ሲሉኝ ጠርጥሬ ነበር» ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ ወልዴ ሻንጣቸውን ከፍተው ድንጋዩን አወጡ፣ ማጅራታቸው ላይ አደረጉት፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። እኔም አጠገባቸው ወደቅሁ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። «ይቅር በሉን» ብቻ አልኩ።

አሰልጣኙ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሱት። አገላብጠው አዩት።

«ከየትኛው ጎን ነው ያመጣችሁት?»

«ከማዕዘን ምቱ በኩል» አሉ ጋሽ ወልዴ ከወደቁበት።

«ተነሱ አባቴ። ይቅር ካልኳችሁ ቆይቷል። ግን አልመጣም፣ መምጣትም አልችልም።» ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። «የዚያን ቀን ድልድዩን ስሻገር፣ ደሜ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ጎጀብን ዳግም ብሻገር ሜሮንን ይንሳኝ ብዬ ማልኩ። በራሴ ምዬ ቢሆን ንስሐ ገብቼ እመጣ ነበር። በልጅ ምሎ የሚያፈርስ አባት ግን አላውቅም።»

ጋሽ ወልዴም አያውቁም። ማናችንም አናውቅም። «እኔም በልጅህ የማልከውን አፍርስ ብዬ አልለምንህም» አሉ። «ተነስ ተሰማ፣ እንሂድ።» ተነሳሁ። አፍ አውጥቼ አላለቀስኩም እንጂ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። ያ ሁሉ ስጠግነው የኖርኩት ማሊያ ከእንግዲህ የሚለብሰው እንደሌለ ያኔ ነው በውል የገባኝ።

«የት ነው የምትሄዱት?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ቁጣቸው ገና አልበረደም። «የታረደ በግ ጥሎ የሚሄድ ሽማግሌ አላየሁም። ተቀመጡ!» ተቀመጥን። ቀረበ። ማንም እጁን አልሰደደም።

ሜሮን ከማድ ቤት ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ አንተ ማልክ እንጂ እኔ አልማልኩም። ፈቃዴ ያንተው ደረጃ ነው። ሊጉ የጠየቃቸው የአሰልጣኝ ስም ነው፣ የኔን ይስጡ።»

«ሽማግሌ ሊመጣልሽ አይደል እንዴ?» አሉ አቶ ዘነበ።

«ጎጀብ ድልድይ አለው። እነሱም ይሻገሩ።»

ቤቱ ተንጫጫ። እኔ ግን ግድግዳውን አየሁ። ትናንት የትምህርት ቤት ልብስ የመሰለኝ የሜሮን ማሊያ የብሔራዊ ቡድን ነው፤ የአባትና የልጅ ማሊያ አንድ ዓይነት፣ ቁጥሩም ሁለቱም ሦስት። ቁጥር መለጠፍ ሥራዬ ሆኖ ሳለ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥሩን አላነበብኩትም።

«ጋሽ ወልዴ፣ ቁጥሩ አንድ ነው እኮ» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ አዩት።  «በኛ ሜዳ ላይ ሴት ልጅ እንዴት ተደርጎ…»

«ወንዱንስ ምን አደረጋችሁት?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

 አሰልጣኝ ክንፈ እጃቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ ጫኑ። «በዚህ ዓለም ካለኝ ሁሉ መርጬ በአንቺ ነው የማልኩት። አሁን አንቺኑ ወደዚያው ልስደድ?»

«መሐላው ያንተ መሻገር ላይ ነው አባዬ።»

«የምፈራው መሐላውን ብቻ ይመስልሻል?» ብለው ጠባሳቸውን ነኩ። 

ይሄኔ ጋሽ ወልዴ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ክንፈ፣ ሽማግሌ ነን። ልጅህን ለልጆቻችን አሰልጣኝ እንድትሆን እንድትሰጠን ቆመን እንለምንሃለን» አሉ። እኔም ተነስቼ ቆምኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እያለቀሱ ሳቁ። «ይኸው! ለሷ ነው የመጡት አላልኩም?»

አሰልጣኙ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ድንጋይ አዩና «ልጅ ሲሰጥ ዋስ ይጠራል» አሉ። «ዋስ ጥሩ።»

ወጉን ለማያውቅ ልጅ ላስረዳ። ልጃገረድ ስትዳር ወሳጁ ወገን አንድ ሰው በስም ይጠራል፤ በእሷ ላይ ለሚደርሰው ነገር ሁሉ አባቷ የሚይዘው ያንን ሰው ነው።

«ከተማው ዋስ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ድንጋዩንም የወረወረው ከተማው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ማን ወረወረ ብል የነገረኝ የለም፤ ነገስ ማንን ይዤ ልጠይቅ? ከተማ ዋስ አይሆንም። የሰው ስም ጥሩ።»

ጋሽ ወልዴ ወደኔ ዞሩ። ምክንያት ልፈልግ ነበር፤ ሱቅ አለብኝ፣ ቤተሰብ አለኝ፣ የሜዳው ሰው እኔን አይሰማም ልል ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «እኔ ተሰማ፣ ዋስ ነኝ» የሚል ነው። ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። አሰልጣኙ እጄን ጨበጡኝ፣ ሳይለቁኝም «በሉ ብሉ» አሉን።

ሰኞ

እትዬ በላይነሽ ስንቅ ቋጥረው፣ አየር ጤና ድረስ መጥተው ሸኙን። መንገድ ላይ ጋሽ ወልዴ ድንጋዩ ልደታ ቀርቶ ሻንጣቸው ቀሎ ሳለ የከበደ ያህል አቅፈው ተቀመጡ። ጊቤ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «ተሰማ፣ ደህና ሠራን?» አሉኝ። «አላውቅም ጋሽ ወልዴ» አልኩ። አገራችን ስንገባ ስለ ዋስነቱ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር ብዬ ባለቤቴን ስጠይቃት «አንተ መሆንህን እያወቁ እንዴት ተቀበሉህ?» አለችኝ። ከረቡዕ በፊት የሜሮንን ስም ለሊጉ አሳወቅን፣ ተቀበሉት።

ሜሮን የመጣች ዕለት ልቀበላት ጎጀብ ወረድኩ። አባቷ እስከ ድልድዩ ሸኟት። ሻንጣዋን ድልድዩ አፍ ላይ አስቀምጠው እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ከማዶ ሄጄ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሷ ድልድዩን ስትሻገር አንድ ጊዜ ዞራ አየቻቸው፣ ከዚያ አልዞረችም።

እንግዲህ ለዚህ ነው የጻፍኩት። የፊታችን እሑድ የመጀመሪያው ጨዋታችን ነው። ቡድናችንን አውቀዋለሁ፤ ልንሸነፍ እንችላለን፣ እፈራለሁ። እንድትወዷት አልለምናችሁም፤ ሴት ልጅ ቡድናችንን ስትመራ እኔም ገና ግር ይለኛል። አሰልጣኝ ክንፈ የዚያን ቀን ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ያለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብለው እንደሚውሉ ነግረውኛል። ጨዋታው እንዳለቀ የምደውልላቸው እኔ ነኝ። ውጤቱን አይጠይቁኝም። ምን ብዬ እንደምነግራቸው የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።